ኦቨን የማያስፈልገው ጣፋጭና ጨዋማ መክሰስ፦ ደሴ ላይ ለምን ይደርቃል? ክረምት ላይስ ለምን ይለሰልሳል?

ኮርንፍሌክስን ወይም ፈንዲሻን በማር፣ በስኳርና በለውዝ ቅቤ ለውሶ፣ ጨው ነስንሶ፣ ትሪ ላይ ጠፍጥፎ መቁረጥ፤ ቪዲዮ ላይ ሲታይ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ሲሞከር ግን አንዱ ቢላዋ ሲነካው ይፈረፈራል፣ ሌላው ጥርስ ያስቸግራል፣ ሦስተኛው በማግስቱ ያደረ ቂጣ ይመስላል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከከው በኮርንፍሌክሱ ወይም በሠሪው እጅ ላይ ነው። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም። ነገሩ የውሃ ጉዳይ ነው፦ ሽሮፑ (ማሩና ስኳሩ አብረው ፈልተው የሚሆኑት ማያያዣ) ውስጥ ስንት ውሃ ቀረ፣ ኮርንፍሌክሱ ስንት ውሃ ጠጣ፣ የቤቱ አየርስ ስንት ውሃ ይዟል። ደሴ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ራሱ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ያነሰ ነው። አሠራሩ የተጻፈው ለእነዚያ ከተሞች ከሆነ፣ ቃል በቃል የተከተለው ሰው ነው የሚሳሳተው።

"ሳይጋገር" ማለት ያለ እሳት ማለት ነው?

አይደለም። ኦቨን አያስፈልግም ማለት ብቻ ነው። ማያያዣው ሽሮፕ ምድጃ ላይ መፍላት አለበት። እሳት ላይ የሚቆየው ግን ከአሥር ደቂቃ ብዙም ስለማያልፍ ቡታጋዝም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም፣ መብራት ሲጠፋ የከሰል ምድጃም ይበቃዋል።

ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን መክሰስ ለመረዳት አይቸገርም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። ሁለቱ ተቦክተው ሲለሰኑ ግን ግድግዳ ይሆናሉ። እዚህም ኮርንፍሌክሱ ጭዱ ነው፣ ሽሮፑ ጭቃው ነው። ጭቃው ከቀጠነ ይንሸራተታል፤ ከደረቀ አይይዝም። ሙያው በሙሉ ያለው ጭቃውን በልኩ ማድረግ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ሽሮፑ የሚባለው ይረዝማል።

ምን ምን፣ ስንት ስንት?

20 በ20 ሳንቲሜትር ለሆነ ትሪ፣ ከ16 እስከ 20 ቁራጭ የሚወጣው፦

ኮርንፍሌክስ 150 ግራም (240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ 5 ገደማ)
ተቆልቶ ልጣጩ የተራገፈ ለውዝ 80 ግራም
ማር 120 ግራም (6 የሾርባ ማንኪያ)
ስኳር 100 ግራም (ግማሽ ኩባያ)
ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ
የለውዝ ቅቤ 150 ግራም (9 ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ)
ደቃቅ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለሽሮፑ፣ ሻካራ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ ላዩ ላይ ለመነስነስ
የሎሚ ጭማቂ ግማሽ የሻይ ማንኪያ

የተገዛው ለውዝ ወይም የለውዝ ቅቤ ጨው ያለው ከሆነ የሽሮፑን ጨው በግማሽ ይቀንሱ። ኮርንፍሌክሱ ስኳር የተቀባው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ስኳሩን ወደ 70 ግራም ያውርዱት። ማሩ ያልተጣራ ከሆነ ለብ አድርገው በወንፊት ያጥሩት፤ ሰፈፍ የቀረበት ማር ሲፈላ አረፋው ይበዛና ሽሮፑ መድረሱን ማየት ያስቸግራል።

በኮርንፍሌክስ ፋንታ ፈንዲሻ መጠቀም ይቻላል፤ እንዲያውም በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች ለቡና የሚፈካው ፈንዲሻ ከታሸገው ሁሉ ትኩስና ደረቅ ነው። 60 ግራም የፈንዲሻ በቆሎ ሲፈካ 7 ኩባያ ገደማ ይሆናል፤ ለተመሳሳዩ ሽሮፕ ይበቃል። የሚፈካውም በውሃ ምክንያት ነው፦ በጠንካራው ልጣጭ ውስጥ የታሰረችው ጥቂት እርጥበት 180 ዲግሪ አካባቢ ስትደርስ በእንፋሎት ግፊት ልጣጩን ትበረግደዋለች። አሮጌና የደረቀ በቆሎ የማይፈካው ያቺ እርጥበት ስላለቀችበት ነው። ያልፈካውን ፍሬ አንድ በአንድ ይልቀሙት፤ ሽሮፕ ከለበሰ በኋላ አይታይም፣ ጥርስ ግን ይሰብራል። የገብስ ቆሎ ለመጨመር ያሰበ ከአንድ እፍኝ አይለፍ፤ ከጠነከረ ሽሮፕ ጋር ሲደራረብ ማኘክ ያደክማል። የታመሰ ሰሊጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ግን ሁልጊዜ ያምርበታል።

እንዴት ይሠራል?

እሳት ከመጫሩ በፊት ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ይሁን፤ ሽሮፑ ከወረደ በኋላ ያለዎት ጊዜ ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። ትሪው ላይ ዘይት የተቀባ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉ። ኮርንፍሌክሱን በደረቅ ምጣድ ላይ፣ በለስላሳ እሳት፣ ሦስት ደቂቃ ያህል እያገላበጡ ያሙቁና ከለውዙ ጋር ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይገልብጡት። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፦ ኮርንፍሌክሱ ከአየር የጠጣውን እርጥበት ይለቃል፤ ደግሞም ለብ ያለ ስለሚሆን ሽሮፑ እንደነካው አይረጋም። በደሴ ብርዳማ ጠዋት ሳህኑን ራሱን በሙቅ ውሃ አለቅልቆ ማድረቅ የሥራ ጊዜውን በአንድ ደቂቃ ያህል ያራዝመዋል።

ስኳሩን፣ ማሩን፣ ውሃውንና ሎሚውን ወፍራም ድስት ውስጥ ያድርጉና በመካከለኛ እሳት ያማስሉ። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ መሟሟት ያለበት ከመፍላቱ በፊት ነው፤ በማማሰያው ጀርባ የድስቱን ሥር ሲዳብሱት የሚንኮሻኮሽ ነገር መቅረት የለበትም። መፍላት ሲጀምር ማማሰልዎን ያቁሙና ድስቱን ለአንድ ደቂቃ ይክደኑት። እንፋሎቱ በድስቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የስኳር ቅንጣት አጥቦ ይመልሰዋል። ከዚያ ከፍተው ሳይነካኩ ያፍሉት።

ይህ ለምን አስፈለገ? ማር ማሰሮ ውስጥ ቆይቶ ሲረጋ እንዴት እንደሚሻክር ያስቡ። አንድ የስኳር ቅንጣት ስትፈጠር ሌሎቹ እየመጡ ይለጠፉባታል። የሚፈላ ሽሮፕ ውስጥም አንዲት ያልሟሟች ቅንጣት በማማሰያ ከተመታች ድስቱ በሙሉ አሸዋ አሸዋ ሊል ይችላል። ማሩና ሎሚው የተጨመሩት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ማር ውስጥ ያሉት ግሉኮስና ፍሩክቶስ በስኳሩ ቅንጣቶች መካከል እየገቡ እንዳይደራረቡ ያደርጋሉ፤ የሎሚው አሲድ ደግሞ ከስኳሩ ጥቂቱን ወደነዚሁ ሁለቱ ይሰብረዋል።

ሽሮፑ ሲደርስ (እንዴት እንደሚታወቅ ቀጥሎ ይመጣል) ድስቱን ከእሳት ያውርዱ። ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁና አረፋው ሲተኛ የለውዝ ቅቤውንና ጨውን ጨምረው ልስልስ እስኪል ያማስሉ። የለውዝ ቅቤ እየፈላ ባለ ሽሮፕ ላይ ከተጨመረ ዘይቱ ተለይቶ ይወጣል፤ ትሪው ሥር ዘይት የሚጠራቀመው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ኮርንፍሌክሱ ላይ ያፍስሱና ከሥር ወደ ላይ እያነሱ ያዋህዱ፤ እንደ ሊጥ አይሹት። ወደ ትሪው ይገልብጡና ዘይት በተቀባ ወረቀት ሸፍነው በመዳፍ ይጫኑት። አጫጫኑ ልክ አለው፦ ፍሬዎቹ እርስ በርስ እስኪነካኩ ብቻ። በኃይል ከተደፈጠጠ ኮርንፍሌክሱ ዱቄት ሆኖ ሽሮፑን ይመጠዋል፤ ከላላ ደግሞ ሲቆረጥ ይበተናል።

የላዩን ጨው በመጀመሪያው ደቂቃ፣ ገጹ ገና ሲያጣብቅ ይነስንሱ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በኋላ፣ ጨርሶ ሳይጠነክር፣ ዘይት በነካ ቢላዋ ይቁረጡ።

የደሴ ከፍታ ምን አገናኘው?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ድስት የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነውና።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ከድስቱ በላይ ያለው የአየር ጫና ስለሚቀንስ ውሃው በትንሽ ሙቀት ያመልጣል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ስለዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መፍያውም ወደ 94 ከፍ ይላል። ደሴ ላይ ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሽሮፕ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ስኳሩ ይከማቻል፤ ስኳሩ በተከማቸ ቁጥር ደግሞ የመፍያው ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ የሽሮፑ ሙቀት ቴርሞሜትር ላይ ሲነበብ፣ በተዘዋዋሪ "ስንት ውሃ ቀረ" የሚለውን እያነበብን ነው። የውጭ አገር አሠራሮች ለእንዲህ ያለው መክሰስ ከ113 እስከ 115 ዲግሪ ይላሉ። ይህ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ደሴ ላይ ያው ሽሮፕ፣ ያንኑ ያህል ውሃ ይዞ፣ ከ105 እስከ 107 ላይ ደርሷል። ኮምቦልቻ ላይ ከ107 እስከ 109። ደሴ ላይ ሆኖ 114ን የሚጠብቅ ሰው በባሕር ጠለል 122 ያደረሰው ያህል ነው፤ ያ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲጣል ጠንካራ ኳስ የሚሆን ሽሮፕ ነው። "ጥርስ ያስቸግራል" የተባለው ይህ ነው።

ቴርሞሜትር ያለው ሰው በመጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ ይለካ። ከ100 በስንት እንዳነሰ ይይና ያንኑ ከአሠራሩ ቁጥር ላይ ይቀንስ። ቴርሞሜትሩ ራሱ ትንሽ የተዛባ ቢሆን እንኳ በዚህ መንገድ ይታረማል።

ቴርሞሜትር የሌለውስ? የሚሻለውን ዘዴ የያዘው እሱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ያስቀምጡ። ሽሮፑ ጠንከር ብሎ መፍላት ከጀመረ ሁለት ደቂቃ በኋላ በማንኪያ ጫፍ ጠብታ ወደ ውሃው ይጣሉና በጣት ይሰብስቡት። ጠብታው ውሃው ውስጥ ከተበተነ ገና ነው። ተሰብስቦ ለስላሳ ኳስ ከሆነ፣ ከውሃው ሲወጣ በሁለት ጣት መካከል በቀስታ ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል፤ ወዲያውኑ ያውርዱ። ኳሱ ቅርጹን አልለቅ ብሎ ከጠነከረ አልፏል። በየግማሽ ደቂቃው ይሞክሩ፤ በሞከሩ ቁጥር ድስቱን ከእሳት ገለል ያድርጉት፤ አለዚያ እርስዎ ጠብታውን ሲዳብሱ ሽሮፑ ያልፋል። ይህ ፈተና የሚለካው የቀረውን ውሃ በቀጥታ ስለሆነ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ አሰብም ላይ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። "ሦስት ደቂቃ አፍሉ" የሚለው ትእዛዝ ግን የከሰል እሳትና የቡታጋዝ እሳት እኩል እንደሆኑ አድርጎ ያስባልና አይመኩበት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለምን ይለሰልሳል?

ከፋብሪካ የወጣ ኮርንፍሌክስ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው። የሚንኮሻኮሸው ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ጥቂት እርጥበት ሲጠጣ መሰበር ትቶ መታጠፍ ይጀምራል። ማርም ስኳርም ከአየር እርጥበት ይስባሉ። የደሴ ክረምት፣ ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ የማይደርቅበት ወቅት፣ ለዚህ መክሰስ ከባዱ ጊዜ ነው። መፍትሔው ሽሮፑን አብዝቶ ማፍላት አይደለም። ኮርንፍሌክሱን በምጣድ ማሞቁን እንዳይዘሉ፤ መክሰሱ እንደቀዘቀዘም ሳይውል ሳያድር በደንብ የሚገጥም ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ። በየድርቡ መካከል ወረቀት ያድርጉ። እንዲህ ከተቀመጠ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ክረምት ላይ ሦስትና አራት ቀን።

ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ይረዳል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ለውዝ ቅቤው ውስጥ ያለው ቅባት ስለሚጠነክር ቁራጩ ይጠብቃል። ሲወጣ ግን፣ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ፣ ገጹ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ያ ውሃ በቀጥታ ወደ ኮርንፍሌክሱ ይገባል። ፍሪጅ የሚጠቀም ሰው ጠቅልሎ ያስገባ፣ ሲያወጣም ከነመጠቅለያው ግማሽ ሰዓት ያቆየው። በኮምቦልቻ ሞቃት ከሰዓት ላይ ላዩን ቸኮሌት ለቀባ ሰው ብቻ ነው ፍሪጅ ግድ የሚሆንበት።

ጣፋጭ ነገር ላይ ጨው ምን ያደርጋል?

ወሎ ገጠር ቡና በጨው የሚጠጣ ሰው መልሱን በምላሱ ያውቀዋል፦ ጨው መራራነትን ያፍናል። የተቆላ ለውዝና የፈላ ማር ሁለቱም ጥቂት መራራ ጠርዝ አላቸው፤ ጨው ያንን ሲያወርደው ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል፣ ስኳር ሳይጨመር። በሽሮፑ ውስጥ የገባው ጨው ሥራው ይኸው ነው፣ ለብቻው አይቀመስም። ላዩ ላይ የተነሰነሰው ግን ሳይሟሟ ይቀራል፤ ምላስ ላይ አንዴ ጨው፣ አንዴ ማር እያለ የሚፈራረቀው እሱ ነው። ለዚህ ሻካራ ጨው ቢሆን ይመረጣል፤ የዱቄት ያህል የደቀቀው ወዲያው ይሟሟል።

ለጾም ይሆናል? ሙስሊም ጎረቤትስ ይበላዋል?

ከላይ ያለው አሠራር ቅቤም ወተትም የለውም፤ ማር በጾም ይበላልና ለጾም ይሆናል። የኮርንፍሌክሱን ካርቶን ግን ያንብቡ፤ አንዳንዱ የወተት ዱቄት አለው። በውጭ አገር የተለመደው አሠራር ማርሽማሎው በቅቤ አቅልጦ ማያያዣ ማድረግ ነው። ማርሽማሎው የሚረጋው በጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሲሆን ብዙ ጊዜም ከአሳማ ነው። ሐላል የሚል ካልተጻፈበት ለሙስሊም አይሆንም፤ ለጾመኛም ጭራሽ አይሆንም። የሁለቱም እምነት ሰዎች አንድ ረከቦት ዙሪያ በሚቀመጡበት አገር የማርና የለውዙ ማያያዣ ማንንም ሳያስቀር ይዞራል።

ምን ምን መጠንቀቅ አለብን?

ለውዙን ሲገዙ በእጅዎ ዘርግተው ይዩት። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ የሻገተ ወይም ምሬት ያለው ፍሬ ይጣላል፤ ተቆልቶ ይድናል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። እርጥበት ባገኘው ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይተዋል፤ መቁላት ይህን መርዝ አያጠፋውም። የለውዝ ቅቤ ቤት ውስጥ ለሚፈጭ ሰው ይህ ለቀማ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከተፈጨ በኋላ መጥፎው ፍሬ አይለይም።

አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ነገር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የተሕዋስ ዘር በለጋ አንጀት ውስጥ በቅሎ ከባድ የመመረዝ ሕመም ያመጣል፣ ሽሮፑ በዚህ ሙቀት መፍላቱም አያጠፋውም። ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ሙሉ ፍሬ ለውዝ አይሁን፣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ጨፍልቀው ይጨምሩ። ለእንግዳ ሲያቀርቡም ለውዝ እንዳለበት አስቀድመው ይናገሩ፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው በትንሹም ሊታመም ይችላል።

የሚፈላ ሽሮፕ ከሚፈላ ውሃ ይልቅ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የበለጠ ይግላል፣ ደግሞም ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ልጆች ከምድጃው ይራቁ። ከነካዎት ወዲያውኑ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያቆዩት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ አይቀባም፤ ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል።

የተበላሸው ይድናል?

አብዛኛው ይድናል። ሽሮፑ ከኮርንፍሌክሱ ጋር ሳይገናኝ ማለፉ ከታወቀ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ፣ ድስቱን ከፊት ራቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው ጨምረው እንደገና ያፍሉና ፈተናውን ከመጀመሪያ ይጀምሩ። አሸዋ አሸዋ ያለው ሽሮፕም በዚሁ መንገድ ውሃ ተጨምሮበት ጨርሶ ከሟሟ ይመለሳል። ትሪ ላይ ሆኖ የሚፈረፈረውን ሰብስበው በለስላሳ እሳት ያሙቁ፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሞቀ ማር ለውሰው ዳግም ይጫኑት። አልረጋ ብሎ የሚያጣብቀው ደግሞ ቢላዋ አይፈልግም፦ መዳፍዎን ዘይት አስነክተው የለውዝ ፍሬ አራት አምስት በሚያህል መጠን እያድቦለቦሉ በታመሰ ሰሊጥ ላይ ያንከባልሉት። ሰሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን ያስቀራል፣ ቅርጹንም ይይዛል። ጥርስ የማይገባበት ጠንካራው ብቻ ነው ተመልሶ የማይለሰልሰው፤ እሱን በፌስታል ከተው በዘነዘና ደቅቀው እርጎ ላይ ይነስንሱት።